ለጢንዚዛ ሳጥን አሠርቼ

"የምን ማኅበር ነው?" አለችኝ እናቴ።

"የነፍሳት" አልኳት።

ለሙታን ነፍስ የምንጸልይ መስሏት ደስ አላት። "ጎሽ፣ ጽዋው በማን ስም ነው?" አለች። ጢንዚዛና ቢራቢሮ እንደምንሰበስብ ስነግራት ዝም ብላ ቡናዋን ቀዳች።

ጎንደር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ዓርብ ከሰዓት 23 ልጆች ይዤ ቀሐ ወንዝ ዳር እወርዳለሁ። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ አንድ ሳጥን ነው። እዚሁ ከተማ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አሠርቼው ስድስት ወር ተጠቀምኩበት። ጥሩም መጥፎም የምለው አለኝ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትደርሱ ይገባችኋል።

መጀመሪያ የምንጠቀመው የጫማ ካርቶን ነበር። ጥቅምት ላይ ሜዳው ገና እርጥብ ሳለ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ጢንዚዛ ይዞ መጣ። የክበባችን ኩራት ሆነ። ጥር ላይ ካርቶኑን ስከፍት ጢንዚዛው በቦታው ተቀምጧል። ከሥሩ ግን እንደ ተፈጨ ቡና ያለ ዱቄት ተከምሯል። በወረንጦ ስነካው ፍርክስክስ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው።

የበላው ሌላ ጢንዚዛ ነው። የምስር ፍሬ የማታክል፣ እጮቿ ጸጉራም የሆኑ፣ የደረቀ ሬሳ እየበላች የምትኖር። ሙዚየሞች የዚህችን ዘመድ አጥንት ለማጽዳት ብለው ያረቧታል፤ የእንስሳ አጥንት ላይ ይለቋትና ሥጋውን ጠርጋ ትበላላቸዋለች። የነፍሳት ክፍል ከገባች ግን ጠላት ናት። የወረቀት ያህል ክፍተት ይበቃታል። ስለዚህ የነፍሳት ሳጥን ማለት ክዳን ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ይህን ይዤ አናጺው ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ።

"ጋሼ፣ ለጢንዚዛ ሳጥን ፈልጌ ነበር።"

"ለምን አልሽኝ ልጄ?"

"ለጢንዚዛ። የሞተ።"

"ታዲያ ሬሳ ሳጥን በይኛ!" ብለው ሠራተኞቻቸውን ሁሉ አሳቁብኝ።

ወርዱ 30፣ ርዝመቱ 40፣ የውስጥ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ክዳኑ መስተዋት፣ እንጨቱ የደረቀ ዋንዛ። በወረቀት ሥዬ ሰጠኋቸው። 1,800 ብር ተስማማን፤ ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። በሳምንት ይደርሳል ተባለ። በአምስተኛው ሳምንት ደረሰ። በመካከሉ "ነገ ነይ" የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጠርኩትም። አንድ ቀን መብራት የለም፣ አንድ ቀን መስተዋት ቆራጩ ለቅሶ ሄዷል፣ አንድ ቀን ደግሞ ምክንያት እንኳን አልነበረም።

እየጠበቅን ሳለ ልጆቹ "እንደኛ ያለ ማኅበር ሌላ አገር አለ ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። አለ እንጂ! የፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. በ1832፣ የለንደኑ በ1833 ተመሥርተው እስካሁን አሉ። የለንደኑ ንጉሣዊ የሚለውን ማዕረግ ያገኘው በመቶኛ ዓመቱ ነው። ለልጆቹ ይበልጥ የጣማቸው ግን ከእነዚህ በፊት የነበረው ነው። ኦሬሊያን የሚባል የቢራቢሮ ወዳጆች ማኅበር ለንደን ኮርንሂል ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ይሰበሰብ ነበር። በ1748 ሰፈሩ በእሳት ሲጋይ አባላቱ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እሳቱ መስኮቱን ሲመታ ብዙዎቹ ባርኔጣቸውንና ከዘራቸውን ጥለው ሮጡ። የሰበሰቡት ነፍሳትና መጻሕፍቱ ሁሉ ዐመድ ሆኑ።

ይህን ስጨርስ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የእኛን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ግን ንቦች አይደሉ እንዴ ከእሳት ያዳኑት?" ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እውነትም እዚህ ከተማ ያደገ ሁሉ የሚሰማው ታሪክ ነው፦ ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል የንብ መንጋ ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ መለሰው ይባላል። የለንደኖቹ ነፍሳታቸውን ከእሳት ማዳን አቃታቸው፤ እዚህ ነፍሳቱ አዳኝ ሆኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሳጥን አይበቃም፣ ሁለት ይሁን፣ አንዱም ሌላ ቤት ይቀመጥ ብለን ወሰንን። በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ ጸሐፊያችን ቀልድ አያውቅም።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ሥራው ያምራል። ዋንዛው ተልጎ ተልጎ እንደ ሐር ለስልሷል፣ ማጠፊያው ከነሐስ ነው፣ ኮላው አልፈሰሰም። ቤት ወስጄ ስለካው ግን የውስጥ ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆኖ አገኘሁት። መስተዋቱን ወደ ውስጥ አስገብተው ስለገጠሙት ጥልቀቱን በልቶታል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ለነፍሳት ተብሎ የሚሠራው ስፒል ርዝመቱ 38 ሚሊ ሜትር ነው። ከታች አንድ ሴንቲ ሜትር ፎም አንጥፌ ስተክለው ራሱ መስተዋቱን ይገፋዋል። የልብስ ሰፊ ስፒል ያጥራል፣ ግን በክረምት ይዝጋል፣ ዝገቱም ነፍሳቱን ይሰነጥቃል።

ክዳኑስ? ጠባብ የወረቀት ቁራጭ በክዳኑና በሳጥኑ መሀል አድርጌ ዘጋሁትና ጎተትኩ። ሳይዘው ውልቅ ብሎ ወጣ። አራቱንም ጎን ሞከርኩ። በሦስቱ ወጣ። ለሸማ ቢሆን ግሩም ሳጥን ነው፤ ለእኛ ግን ያው የጫማ ካርቶኑ ነው፣ በ1,800 ብር።

ተናድጄ መልሼ ወሰድኩት። ባዶውን ዱቄት የሆነ ጢንዚዛና አጉሊ መነጽሬንም ያዝኩ። ጋሼ መጀመሪያ ሊከራከሩኝ ነበር። "ልጄ፣ በዚህ ክፍተት ምን ይገባል?" አሉ። መነጽሩን ሰጠኋቸውና የእጯን ቅርፊት ሲያዩት ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው የተበሳሳ የእንጨት ቁራጭ ይዘው ወጡ፤ ከቀዳዳዎቹ ነጭ ዱቄት ይፈሳል። "የዚህቺ ዘመድ ናታ! እኔንም ያከሰረችኝ እሷ ናት" አሉ። እሷው ራሷ አይደለችም፣ ግን አላረምኳቸውም። የእሳቸው እንጨት ትበሳለች፣ የእኔ ሥጋ ትበላለች፤ ሁለቱም ዱቄት ትተው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው ተለወጠ።

ሁለተኛውን ሳጥን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሠሩልኝ፤ ይህንን መመስከር አለብኝ። ክዳኑን ወንዴና ሴቴ አድርገው ገጠሙት፦ ከሳጥኑ ከንፈር ይወጣል፣ ከክዳኑ ቦይ ይቀበለዋል። ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልወጣም። ጥልቀቱም 5 ከነምርቃቱ። የመጀመሪያውን ደግሞ ጠርዙን ከፍ አድርገው መለሱልኝ፤ ቤቴ ያለው እሱ ነው።

ፎሙን ከሱቅ አልገዛሁም። የሕፃናት ምንጣፍ ሆኖ የሚሸጠውን ቆርጬ አነጠፍኩ። ስፒል በደንብ ይይዛል። ናፍታሊን ግን አልጨመርኩም። ድሮ ሁሉም ያደርገው ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሙዚየሞች ለሰው ጤና ብለው ትተውታል፣ እኔ ደግሞ ልጆች ያሉበት ክፍል ነው ያለሁት። በምትኩ አዲስ የመጣውን ሁሉ በፕላስቲክ ቋጥሬ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አሳድራለሁ። ባለቤቴ ከሥጋው አጠገብ ፌንጣ ያገኘ ቀን የነበረውን ንግግር እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ሳጥኑ ውስጥ 61 ነፍሳት አሉ። ጢንዚዛ በቀኝ ክንፉ በኩል በስፒል ይወጋል፣ መሀል ለመሀል አይደለም፤ መሀሉ ለመለያ ስለሚፈለግ። ቢራቢሮ ግን ደረቷ መሀል ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ሥር ቦታው፣ ቀኑና የያዘው ልጅ ስም አለ። ያ የተበላው ጢንዚዛ ይህ አልነበረውም፤ ባይበላም ኖሮ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሬሳ ነበር።

ከደምቢያዋ ቆላ ድባ የመጣ አንድ ተማሪዬ የወባ ትንኝ ይዞ መጣ። ትንኝ በስፒል አይወጋም፤ በሹል ወረቀት ጫፍ በሙጫ ይለጠፋል። ስታርፍ ጭራዋን ወደ ላይ አንስታ እንደምታዘነብል አስቀድሞ አስተውሎ ነበር፤ ማንም ሳይነግረው። የደምቢያን ነገር ያን ዕለት ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 እዚያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው ጨረሰ። በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የምንለው። ልጁ "እንዲህ ያለውን የሚያጠና ብቻ መሆን ይቻላል?" አለኝ። ስለ ናይሮቢው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ነገርኩት፤ ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ እ.ኤ.አ. በ1970 የመሠረተው፣ ሥራው ሁሉ ነፍሳት ላይ የሆነ። ናይሮቢ መሆኑን ሲሰማ "ቅርብ ነውኮ" አለ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለመጀመሪያው ሳጥን ከአምስት ሁለት፣ ለሁለተኛው አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት ለአምስቱ ሳምንት ነው። የምታሠሩ ካላችሁ ጥልቀቱን ከመስተዋቱ ሥር እንዲለኩላችሁ አጥብቃችሁ ንገሩ፣ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ ክዳኑን እዚያው ፈትኑ፣ ቀሪውን ሳትፈትኑ እንዳትከፍሉ። የሞተ ጢንዚዛም ያዙ፤ ከሥዕል ይልቅ እሱ ያስረዳል።

ሦስተኛ ሳጥን አዝዣለሁ፣ ለቢራቢሮ ብቻ። ቀብዱን ከፍያለሁ። ትናንት ብቅ ብዬ ነበር፤ ጋሼ መነጽራቸውን አንስተው አዩኝና "ነገ ነይ" አሉኝ።