የራሳችን የኢሜይል ሰርቨር፣ ወራት ከሠራንበት በኋላ

ኮምቦልቻ ውስጥ የትራንዚት ሥራ ነው የምንሠራው። ቢል ኦፍ ሎዲንጉም (የመርከብ ጭነት ሰነዱ)፣ ኢንቮይሱም፣ ፓኪንግ ሊስቱም የሚመጣው በኢሜይል ነው። አንድ ሰነድ ከዘገየ ኮንቴይነሩ ደረቅ ወደብ ላይ ይቆማል፣ ወጪው ይቆጥራል። ድሮ ሁሉም ሠራተኛ በግል ጂሜይሉ ነበር የሚጻጻፈው። ሰው ሥራ ሲለቅ የደንበኛው ደብዳቤ ሁሉ አብሮት ይሄዳል። የራሳችንን ሰርቨር እንድናቆም ያደረገን ይሄ ነው፤ አሁን አካውንቱ የቢሮው ነው።

የመረጥነው ሜይል ኢን ኤ ቦክስን ነው፣ አንድን ማሽን የኢሜይል ሰርቨር የሚያደርግ ሶፍትዌር። ነፃ ነው። ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብቻ የተጫነበት ባዶ ማሽን ይፈልጋል፤ ሌላ ሥራ ያለበት ማሽን ላይ እንዳትሞክሩት። ደብዳቤ የሚልከውንና የሚቀበለውን ፖስትፊክስ፣ ከሳጥኑ የሚያነብልንን ዶቭኮት፣ በብራውዘር የሚከፈተውን ራውንድኪዩብ ራሱ ያደራጃል። ግንኙነቱን የሚያመሰጥረውን የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬትም ጊዜው ሳያልፍ ራሱ ያድሳል።

ሰርቨሩ ያለው ቢሮ ውስጥ አይደለም፣ ውጭ አገር በተከራየነው ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ምናባዊ ሰርቨር) ላይ ነው። እዚህ መብራት ቢጠፋም ደብዳቤው እዚያ ይጠብቀናል። ኪራዩ በዶላር መሆኑ ግን ያስቸግራል፤ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍልልናል።

መጫኑ ቀላሉ ነው። ከባዱ የላካችሁት ደብዳቤ ስፓም ውስጥ ሳይገባ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ብዙ አከራዮች ሰርቨሮች ኢሜይል የሚላላኩበትን በር፣ ፖርት 25ን፣ ዘግተው ነው የሚሰጡት፤ እንዲከፍቱላችሁ ትጠይቃላችሁ። አይፒ አድራሻው (ሰርቨሩ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ሲጠየቅ ተመልሶ የሰርቨራችሁን ስም እንዲጠራም ማድረግ አለባችሁ፣ ይህ የሚስተካከለው አከራዩ ጋ ነው። ጉግል ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንንና ኤስፒኤፍ (በስማችን መላክ የተፈቀደለትን ሰርቨር የሚያሳውቅ መዝገብ) ወይም ዲኪምን (የደብዳቤው ዲጂታል ፊርማ) ወደ ጂሜይል ከሚልክ ከማንኛውም ላኪ ይጠይቃል። እኛ ኤስፒኤፍንም ዲኪምንም፣ ዲማርክንም (ፍተሻውን ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚል መመሪያ) ጨምረን አስገብተናል። ጂሜይል ላይ የደብዳቤውን ኦሪጅናል ስንከፍት ሦስቱም «ፓስ» ይላሉ። እንደዚያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ወደ አንድ የመርከብ ወኪል የላክነው ሁሉ ስፓም ይገባ ነበር። አይፒው አዲስ ነው፣ ታሪክ የለውም። ወኪሉ «ስፓም አይደለም» እያለ ሲያወጣልን፣ እኛም ቀስ እያልን ስንልክ ተስተካከለ። ስለዚህ ቪፒኤስ ስትከራዩ በመጀመሪያ አይፒውን የስፓም ላኪዎችን ዝርዝር በሚይዘው ስፓምሃውስ ላይ ፈትሹ። ከተመዘገበ ሌላ አስቀይሩ።

ሌላው ግሬይሊስቲንግ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚልክ ሰው ሲመጣ ሰርቨሩ «ትንሽ ቆይተህ ሞክር» ብሎ ይመልሰዋል። እውነተኛ ሰርቨር እንደገና ይልካል፣ የስፓም ላኪ ብዙ ጊዜ አይመለስም። አዲስ ደንበኛ ግን ስልክ ላይ ሆኖ «ልኬዋለሁ እኮ!» ይላል። «አብሽር፣ አሁን ይገባል» እንላለን፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይገባል። የሚገባልን ስፓም በጣም ስለቀነሰ መዘግየቱን እቀበለዋለሁ።

ባክአፑ በየሌሊቱ ይሠራል፤ ካልቀየራችሁት ግን ቅጂውን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሰርቨሩ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ወደ ሌላ ቦታ እንዲልክ አድርጉት። ቅጂው የተመሰጠረ ስለሆነ የሚከፈተው በቁልፍ ፋይሉ ብቻ ነው። እኛ ቁልፉን በፍላሽ ገልብጠን ካዝና ውስጥ ቆልፈንበታል፤ እናንተም ሰርቨሩ ሥራ በጀመረበት ዕለት ገልብጡት።