ለአሮጌዋ ፒክአፕ የገዛሁት የነዳጅ ሳልባትዮ

የነባሩ ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) አናት በዝገት ተበሳስቶ ሙሉ በሞላሁ ቁጥር ያንጠባጥብ ስለነበር ምትክ ገዛሁ። ቆርቆሮው ወፍራም፣ ብየዳው ንጹሕ ነው፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

መግጠሙ ግን ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ከሥር ተኝቼ በክሪክ ከማውረድ ይልቅ የጭነት ሳጥኑን ማንሣት መረጥኩ። ስድስቱን ቡሎኖች ከዋዜማው ጀምሬ ዘይት ባላጠጣቸው ኖሮ አንዳቸውም አይፈቱም ነበር። የፓምፑን ማሰሪያ ቀለበት በነሐስ ዘንግ እየመታሁ አዞርኩት፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ ብልጭታ ያወጣል፣ የነዳጅ ትነት ባለበት ደግሞ ብልጭታ ቀልድ አያውቅም።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ከፓምፑ ሥር የሚገባው ማሸጊያ ጎማ ከዕቃው ጋር አልመጣም፤ የድሮው ደግሞ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የአየር መተንፈሻው አፍም ከነባሩ ቱቦ ይቀጥናል። በፋሼታ (በቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) አጥብቄ ብሞክረው የነዳጁ ሽታ አልጠፋ ስላለ በልኩ ሌላ ቱቦ ፈለግሁ። እንዲህ ያለውን ዕቃ “ያለ ምንም ለውጥ ይገጥማል” ብሎ መሸጥ ድፍረት ነው።

አንዱ ጥፋት የራሴ ነው። ከመሙያው አንገት ወደ ሻንሲው የምትሄደውን ቀጭን የማሳ (ኤሌክትሪክ ወደ መኪናው አካል የሚያወርድ) ሽቦ ያየኋት ሳጥኑን መልሼ ካሰርኩ በኋላ፣ ተንጠልጥላ ነው። በቀጂው አፍ ላይ የሚጠራቀመውን ኤሌክትሪክ የምታወርደው እርሷ ስለሆነች እንደገና ፈታሁ።

አሁን አይፈስም። ጠቋሚው ግን ሳልባትዮው ባዶ ሆኖም ሩብ ያሳያል፤ የተንሳፋፊው ክንድ ከወለሉ ጋር ሳይነካካ አይቀርም። ሳጥኑን ለሦስተኛ ጊዜ ለማንሣት አልደፈርኩም፣ ኪሎሜትር እየቆጠርኩ እነዳለሁ።