አንኪ፦ እስክታስታውሱት የሚጠብቅ አፕ

የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። የመውጫ ፈተና ስለደረሰብኝ ስልኬ ላይ ከቴሌግራም ቀጥሎ የምከፍተው አንኪን ነው። የጥያቄ ካርድ አፕ ነው። ከፊት ጥያቄ ትጽፋላችሁ፣ ከጀርባ መልስ። «የዋርፋሪን ማርከሻ?» ይላል (ዋርፋሪን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ነው)። ታስባላችሁ። አንዳንዴ አፍ ላይ ደርሶ አልወጣም ይላል። ስክሪኑን ስትነኩ «ቫይታሚን ኬ» ብሎ ይገላግላችኋል። ባወቃችሁት ቁጥር ካርዱ እየራቀ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ቀናት፣ ከዚያ ሳምንታት፣ ከዚያ ወራት። ልትረሱት ስትሉ ከች ይላል። ያበሳጫል፣ ግን ሥራውን የሚሠራው እዚያ ላይ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንዱ ቡድን አንድ ጽሑፍ አራት ዙር አነበበ። ሌላው አንድ ዙር አንብቦ ሦስት ዙር ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ 40 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ሌሎቹ 61 በመቶውን አስታወሱ። ሀንድአውት ሲደጋግም ያደረ ልጅ ጠዋት አንበሳ ነው፤ በሳምንቱ ጠይቁት እስቲ!

የተዘጋጀ የካርድ ጥቅል ስታወርዱ ግን ተጠንቀቁ። አንዱ ላይ የሄፓሪን (ሌላ የደም ማቅጠኛ) ማርከሻ ቫይታሚን ኬ ነው ተብሎ አገኘሁ። ትክክለኛው ፕሮታሚን ሰልፌት ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ደጋግማችሁ ካስታወሳችሁት እሱም እንደ እውነት ይሰርጻል፤ አፑ ልክ ይሁን አይሁን አያውቅላችሁም።

ሌላው ጣጣ ግማሽ ዝርዝር ነው። ተመራማሪዎቹ አንደርሰንና ሁለቱ ብዮርኮች እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳዩት፣ ከአንድ ምድብ ቃላት ግማሹን ብቻ ደጋግሞ ማስታወስ የቀሩትን ማስታወስ ይበልጥ ያከብዳል። ስለዚህ ከቤታ ብሎከሮች (የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች) የምትወዷቸውን ሦስቱን ብቻ ካርድ አታድርጉ። ከሠራችሁ ሁሉንም።

መልኩ አያምርም፤ የድሮ ኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የሚመስለው። ሳምንት ከጠፋችሁ ደግሞ የተከመረው ካርድ ሲታይ አፑን ማጥፋት ያሰኛል። እኔ በቀን የሚመጡልኝን አዲስ ካርዶች ከ20 ወደ 10 ቀንሼ ተገላገልኩ። ሴቲንግ ውስጥ አለ።

አንድሮይድና ኮምፒውተር ላይ ነጻ ነው፣ ያለ ዳታም ይሠራል። የአይፎኑ 25 ዶላር ገደማ ነው፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል? አይፎን የያዛችሁ አንኪዌብን በብራውዘር ክፈቱ። ነጻ ነው፣ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል።