የ3018 ሲኤንሲ ማሽን ግምገማ፦ ጥፋቱ ከብሎን ነው ወይስ ከቦርድ?

3018 የሚባለው ትንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀርጽ) ማሽን ስሙን ያገኘው ከመሥሪያ ስፋቱ ነው፤ 30 በ18 ሴንቲ ሜትር። ከሦስቱ የእንቅስቃሴ አቅጣጫዎች (አክሲሶች) መቁረጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዜድ 4.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል። ለእንጨት፣ ለፕላስቲክና ለሰርኪት ቦርድ ቀረጻ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ተበታትኖ በካርቶን ስለሚመጣ ግን የጥራቱ ግማሽ ያለው በገጣጣሚው እጅ ላይ ነው። አክሲስ አልንቀሳቀስ ወይም ልክ አልመጣ ሲል ብዙዎች ቀድመው የሚነካኩት ሶፍትዌሩን ነው። ከዚያ በፊት ብሎኖቹ ይታዩ።

ዋናው ተጠርጣሪ ካፕሊንጉ ነው። የሞተሩ ዘንግ 5 ሚሊ ሜትር፣ ጥርስ ያለው ረጅሙ ዘንግ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱን የሚያያይዘው የአሉሚኒየም ካፕሊንግ በትናንሽ ብሎኖች ብቻ ይያዛል። አንዷ ስትላላ ሞተሩ በትክክል ይዞራል፣ ረጅሙ ዘንግ ግን አንዴ ይከተላል፣ አንዴ ይቀራል። ቅርጹ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ዜድ ላይ ከሆነ ደግሞ መቁረጫው ሳይታሰብ ጠልቆ ይሰበራል። ለማረጋገጥ ከሞተሩ ዘንግ እስከ ካፕሊንጉ፣ ከካፕሊንጉም እስከ ረጅሙ ዘንግ በማርከር ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ማሽኑን አሠሩት። መስመሩ ከተዛነፈ ጥፋቱ ተገኝቷል። የሞተሩ ዘንግ ጠፍጣፋ ጎን ካለው አንዱ ብሎን እዚያ ላይ ይረፍ፤ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ይበቃዋል።

ቀጥሎ መብራቱን አጥፍታችሁ ካፕሊንጉን በእጅ አዙሩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሊቀል ይገባል። መሐል ላይ ቀልሎ ጫፍ ላይ ከከበደ ጠረጴዛው የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ለስላሳ ዘንጎች ትይዩ አይደሉም ማለት ነው፤ ሞተሩም የሚያቃስተውና ስቴፕ (የዙሩን ትንሽ እርምጃ) የሚዘለው እዚያው ቦታ ላይ ነው። መፍትሔው ዘይት አይደለም። የዘንጎቹን መያዣ ብሎኖች አላሉ፣ ጠረጴዛውን ወደከበደው ጫፍ ግፉት፣ እዚያው እንዳለ አጥብቁ። በሌላኛውም ጫፍ እንዲሁ አድርጉ። ጠረጴዛው ራሱ ዘንጎቹን ወደ ቦታቸው ያመጣቸዋል።

አቅጣጫ ሲቀየር የሚጠፋው ርቀት ሌላ ጉዳይ ነው። መለኪያ ሰዓት (ጥቃቅን ርቀት የሚለካ ባለ ቀስት መሣሪያ) ካላችሁ ወደ ቀኝ እየሄዳችሁ ዜሮ አድርጉት፣ በዚያው አቅጣጫ 5 ሚሊ ሜትር ጨምሩ፣ ከዚያ 5 ተመለሱ። ከዜሮ የጎደለው ያ ክፍተት ነው። ቦርዱ ላይ ያለው ማሽኑን የሚያዝ ሶፍትዌር፣ መደበኛው ጂአርቢኤል፣ ይህን የሚያካክስ ቅንብር የለውም፤ የሚስተካከለው በብረቱ ላይ ነው፦ በረጅሙ ዘንግ ላይ የሚሄደውን የነሐስ ዳዶ ሞላ በመጠኑ ማጥበቅ፣ ወይም የተበላውን ዳዶ መቀየር። ሞላው ከልክ በላይ ከጠበቀ ግን ሞተሩን ያንቃል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ሞተሩ ለአንድ ዙር 200 ስቴፕ አለው፤ ድራይቨሩ (ቦርዱ ላይ ሞተሩን የሚነዳው ክፍል) እያንዳንዱን በ16 ሲከፍለው 3200 ይሆናል። ዘንጉ በአንድ ዙር 4 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ በጂአርቢኤል ቅንብሮች $100፣ $101 እና $102 (ለኤክስ፣ ለዋይና ለዜድ) ላይ የሚጻፈው 800 ነው፤ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ 400፣ 2 ከሆነ 1600። 10 ታዞ 20 ወይም 5 የሚሄድ ማሽን አልተበላሸም፣ ቁጥሩ ነው የተሳሳተ። ስሕተቱ ሁልጊዜ በአንድ መጠን ከሆነ ቅንብሩን መርምሩ፤ አንዴ አንሶ አንዴ በዝቶ ከመጣ ወደ ብሎኖቹ ተመለሱ። አክሲሱ በተቃራኒው ከሄደ $3 ያስተካክለዋል።

ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ካልዞረ ብዙ ጊዜ ከአራቱ ሽቦዎች አንዱ ተቋርጧል። በመልቲሜትር ጥንድ ጥንዱን ለኩ፤ እያንዳንዱ ጥንድ ጥቂት ኦም ማሳየት አለበት። ሽቦው ደህና ከሆነ የኤክስንና የዋይን ሶኬት ቦርዱ ላይ አቀያይሩ፦ ችግሩ ሞተሩን ተከትሎ ከሄደ ሞተሩ፣ እዚያው የቦርዱ ሶኬት ላይ ከቀረ ድራይቨሩ ነው። ይህን ስታደርጉ መብራቱ የግድ ይጥፋ፤ ኃይል እያለ ሞተር መንቀል ድራይቨሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ቆይቶ ሲሞቅ ብቻ ስቴፕ የሚጥል ከሆነ ኤ4988 ድራይቨሩ ሙቀት በዝቶበት ራሱን እያጠፋ ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዣ ብረቱና ፋኑ ይታዩ። የሞተሩን ኃይል ማስተካከያ ቪቲ (ትንሽ ብሎን) ባለበት ቦርድ ላይ፣ መለኪያ ሬዚስተሩ 0.1 ኦም ከሆነ፣ ለሞተሩ 1 አምፔር ለመስጠት ቪቲው ላይ የሚለካው 0.8 ቮልት ነው። ሬዚስተሩ ሌላ ዋጋ ካለው ስሌቱም ይለወጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተጻፈበትን አንብቡ። ጥልቀትና ፍጥነት መቀነስም ብዙ ያድናል።

ለእኛ አገር ተጠቃሚ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። መብራት ሲቋረጥ ማሽኑ የት እንደነበረ ይረሳል፤ ሊሚት ስዊች (የአክሲሱ ጫፍ ላይ ሲደረስ የሚነካ ማብሪያ) የሌለው ሞዴል ደግሞ ቦታውን በራሱ መልሶ የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ስዊች ያለውን መግዛት ይሻላል። የስዊቾቹ ሽቦዎች ግን መቁረጫውን ከሚያዞረው ሞተር (ከስፒንድሉ) ሽቦ ይራቁ፤ አለበለዚያ ማሽኑ ምንም ሳይነካ አላርም 1 (ስዊች ተነክቷል) እያለ ይቆማል።

ብረት ለመቁረጥ ለሚያስብ ሰው ይህ ማሽን አይሆንም። ለእንጨትና ለሰርኪት ቦርድ ግን ይገዛ፤ ጥፋቶቹ በአብዛኛው በባለ ስድስት ጎን ቁልፍና በመልቲሜትር የሚያልቁ ናቸውና። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ሞላ ያለው የነሐስ ዳዶ፣ አንድ ትርፍ ካፕሊንግና፣ ቦርዱ ድራይቨር የሚነቀልበት ከሆነ፣ ሁለት ድራይቨር አብሮ ይያዝ። ዳዶው ሲታዘዝ ዘንጉ በአንድ ዙር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያስኬድ ይጠቀስ፤ ዲያሜትሩ 8 ስለሆነ ብቻ አይገጥምም።