ክሩን ደጅ አውጥተሽ እዪው

ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ የክር ሱቅ አለች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ከወለል እስከ ጣሪያ የጥልፍ ክር ነው። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ደንበኛ ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንድ ጥቅል ቦርዶ ክር አንስቼ ልከፍል ስል እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ባየሽው እንዳትወስኚ። ክሩንም ጨርቁንም ይዘሽ ውጪና ደጅ እዪው» አሉኝ።

ሳልከፍል ዕቃ ይዤ እንድወጣ የፈቀደልኝ ነጋዴ ከዚያ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም። ወጣሁ። ውስጥ አንድ የነበሩት ክርና ጨርቅ ደጅ ላይ ተለያዩ። ክሩ ወደ ቡኒ ሸሸ፣ ጨርቁ ወደ ወይን ጠጅ ቀረበ። ተመልሼ ስገባ እትዬ ምንም ሳይጠይቁኝ ሌላ ሁለት ጥቅል አቀበሉኝ። ሦስተኛው ሆነልኝ።

ሱቋን እንዲህ የማመሰግናት በከንቱ አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ሳላውቅ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ጥልፍ ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ቤቴ ውስጥ አንድ ማሽን አለኝ፤ የሐበሻ ቀሚስ እጠልፋለሁ። አምና ጥር ላይ የአንዲት ሙሽራ እናት አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ አመጡልኝ። ከጥለቱ ጋር የሚሄደውን ክር ከሌላ ሱቅ፣ አመሻሽ ላይ፣ አምፖል ሥር መረጥኩ። ጥለቱ ላይ አድርጌ አየሁት፤ አንድ ነው። የምሠራውም ማታ ማታ በአምፖል ስለሆነ አራት ሌሊት ስጠልፍ ምንም አልታየኝም። ቀሚሱን ለመለካት የመጡት ጠዋት ነው። በረንዳ ላይ ስዘረጋው ደረቱ ላይ ያለው ጥልፍ የሰናፍጭ ቀለም ይዟል፤ ጥለቱ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ነው። ሴትየዋ ምንም አላሉኝም። ዝም ብለው ጥልፉን በጣታቸው ዳበሱት። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያመኛል። ሙሉ ቀን በምላጭ ስፈታ ዋልኩ። ጥልፍ ሲፈታ ደግሞ መርፌው የገባበት ቀዳዳ ጨርቁ ላይ ይቀራል።

ባለሱቁ «ራስሽ መርጠሽ አይደል የወሰድሽው?» አለኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር። በኋላ ስለ ነገሩ ሳነብ ግን ዓይኔ እንዳልተሳሳተ ገባኝ። እዚያ አምፖል ሥር ሁለቱ እውነትም አንድ ነበሩ።

ቀለም ክሩ ላይ ተለጥፎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ክሩ የሚያደርገው ከወደቀበት ብርሃን ከፊሉን ውጦ ከፊሉን መመለስ ብቻ ነው። የተመለሰው ዓይናችን ውስጥ ይገባል። በዓይን ጀርባ፣ ሬቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ኮን የሚባሉ 6 ሚሊዮን ገደማ ህዋሳት አሉ። ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ 420 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት መለኪያ ነው) አካባቢ ላለው አጭር ሞገድ፣ ሌላው ለ530፣ ሦስተኛው ለ560 አካባቢ ይበልጥ ይነቃል። አንድ ኮን ለብቻው ቀለም አያውቅም። «ይህን ያህል ብርሃን ደረሰኝ» ብቻ ነው የሚለው። የሦስቱን መልስ አስተያይቶ «ይህ አረንጓዴ ነው» የሚለው አእምሮ ነው።

እንግዲህ ሁለት ክሮች በተለያየ ማቅለሚያ ተነክረው፣ የሚመልሱትም ብርሃን የተለያየ ሆኖ፣ ሦስቱ ኮኖች ግን ለሁለቱም እኩል መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። ያኔ ለእኛ አንድ ቀለም ናቸው። መብራቱ ሲቀየር ሚዛኑ ይፈርሳል። ዛሬ ሱቁ ሁሉ የሚያበራው የኤልኢዲ አምፖል ነጭ ይምሰል እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ብርሃን የሚያወጣ ትንሽ ነገር ላይ ቢጫ የሚያበራ ዱቄት ተቀብቶበት ነው። የፀሐይ ብርሃን ግን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይመጣል። በአንድ መብራት አንድ የመሰሉ ቀለሞች በሌላው መለያየታቸውን ባለሙያዎች ሜታሜሪዝም ይሉታል። እትዬ ደግሞ «መብራት ያዛመዳቸው ናቸው፤ ፀሐይ ታለያያቸዋለች» ይላሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላነበብኩም።

ነጭ እንኳ አንድ አይደለም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወደ ክሬም ያደላል። የፋብሪካ ነጭ ክር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ውጦ ሰማያዊ አድርጎ የሚመልስ ኬሚካል አለ። ተራ የኤልኢዲ አምፖል አልትራቫዮሌት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ነጮች ተስማምተው ይቀመጣሉ። ፀሐይ ላይ ሲወጡ የፋብሪካው ክር ቦግ ይላል፤ ፈትሉ ያልታጠበ ይመስላል። እትዬ ለፈትል የሚሆነውን ነጭ ለብቻው በካርቶን አስቀምጠውታል። ለእኔ ይህ ብቻ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው።

አሁን ጣታቸውን ልንገራችሁ። እትዬ ክር ሲያሳዩ ጥቅሉን አያሳዩም። ጫፉን ስበው ሌባ ጣታቸው ላይ አሥር፣ አሥራ አምስት ዙር ጥብቅ አድርገው ይጠመጥሙታል። ከዚያ ጣታቸውን ጨርቁ ላይ ያስተኙታል፤ መጀመሪያ በቁመት፣ ቀጥሎ በአግድም። የሚያብረቀርቅ ክር በቁመት ሲተኛና በአግድም ሲተኛ አንድ ቀለም አይሰጥም፤ ብርሃኑን የሚመልስበት አቅጣጫ ይቀየራል። መስቀል ስጠልፍ ቁመቱ ደምቆ አግድሙ የሚፈዘው ለምን እንደሆነ ያየሁት እሳቸው ጣት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ማሽኔን ስጠረጥር ኖሬያለሁ።

አንዴ ደግሞ የገዛሁትን ግራጫ ክር ልመልስ ሄድኩ። ቀይ ጨርቅ ላይ ሳስቀምጠው አረንጓዴ አረንጓዴ ብሎኝ ነው። ተቀበሉኝ፤ ግን መጀመሪያ ያንኑ ክር ነጭ ወረቀት ላይ አኖሩት። ግራጫ ነው። ወደ ቀዩ መለሱት። አረንጓዴ ቢጤ ሆነ። «ክሩ ምን አጠፋ? ጎረቤቱ ነው» አሉኝ።

ይህን ነገር ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል ከ180 ዓመት በላይ ቀድሞ ጽፎታል። በፈረንጆቹ 1824 ፓሪስ ባለው በጎብለን የጨርቅ መሸመኛ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ጥቁሩ ክር ደካማ ነው የሚል ቅሬታ ይመጣበት ነበር። ቢመረምረው ማቅለሚያው ደህና ነው። ጥቁሩን ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ነበር። በ1839 ስለዚሁ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ዓይንና አእምሮ ቀለምን ለብቻው አይለኩትም፤ ከጎኑ ካለው ጋር እያነጻጸሩ ነው። ቀይ ዙሪያውን ሲከበው ግራጫው ወደ ተቃራኒው፣ ወደ አረንጓዴ፣ ይገፋል። በሸማኔ አገር ተወልጄ ይህ ትልቅ ነገር ከሽመና ቅሬታ መነሳቱን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ።

እትዬ በፎቶ አይሸጡም። ይህ ብዙ ሙሽሮችን ያስከፋል። በቴሌግራም ፎቶ ልኮ «ይህን ቀለም» ማለት ተለምዷል። እሳቸው «ቁራጭ ጨርቅ ይምጣልኝ» ይላሉ። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። በፈረንጆቹ 2015 በዓለም ዙሪያ ሰው ያከራከረችውን ቀሚስ ታስታውሳላችሁ? ስኮትላንድ ውስጥ ለነበረ ሠርግ የሙሽራዋ እናት የገዛችው ቀሚስ ነው። ፎቶውን ያየ ገሚሱ ነጭና ወርቃማ ነው አለ፣ ገሚሱ ሰማያዊና ጥቁር። እውነተኛው ሰማያዊና ጥቁር ነበር። አእምሮ የብርሃኑን ቀለም ገምቶ ይቀንሳል። ነጠላችን በጠዋት ፀሐይም በኩራዝም ነጭ የሚመስለን ለዚህ ነው። ያ ፎቶ ብርሃኑ ምን እንደሆነ አያሳይም። ቀሚሱ ሰማያዊ ጥላ ውስጥ ነው ብሎ የገመተ ሰማያዊውን ቀንሶ ነጭ አየ፤ ቢጫ መብራት ሥር ነው ያለ ሰማያዊ አየ።

ሱቁ ውስጥ የሚያግዝ የልጅ ልጃቸው አለ። ቀይና አረንጓዴ በደንብ አይለይም፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ቲማቲም መብሰሉን የሚያውቀው ነክቶ ነው። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚያስፈልጉትን ሁለት ኮኖች ነገር የሚወስኑት ጂኖች ያሉት ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው፣ እሱ ላይ ጉድለት ካለ ምትክ የለውም። ስለዚህ ነገሩ በወንዶች ይበዛል። ልጁ የሚሠራው በቁጥር ነው፤ ካርቶኑ ሁሉ ላይ ቁጥር አለ፤ ተሳስቶ ሰጥቶኝ አያውቅም። ቀለም ማዛመድ ሲሆን ግን «እትዬን ጠይቂያቸው» ይላል።

አንድ ቀን አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ቀይ ክር አድርጌ አሳየሁት። «እዚህ ላይ ምንም አይታየኝም» አለኝ። ራቅ ብዬ ከደጅ ሳየው ለእኔም ጥልፉ ጨርቁ ውስጥ ሰጥሟል። ቀለማቸው ይለያይ እንጂ ጥቁረታቸው እኩል ነው። ዓይን ደቃቅ ነገር ከሩቅ የሚለየው በቀለም ልዩነት ሳይሆን በአብዛኛው በብርሃንና በጥቁረት ልዩነት ነው። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ለልጁ አሳየዋለሁ። እሱ ካላየው የሠርጉ እንግዳም ከወንበሩ ሆኖ አያየውም።

ሱቁ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እኔም መጀመሪያ አማርሬ ነበር። እትዬ «ከዚያ በኋላ የምሸጠው ቀለም የለኝም» ሲሉ ሰማሁና አንድ ምሽት ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ቀይና ሰማያዊ ጥቅል ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ቀዩ ነበር የሚያበራው። ፀሐይ ገብታ ውሃው ሲጠቁር ቀዩ ጥቁር ሆነ፤ ሰማያዊው ገና ይታየኛል። ሲጨልም ኮኖቹ ይደክሙና ሮድ የሚባሉት ህዋሳት ይረከባሉ። እነሱ ቀለም አይለዩም፤ ለቀይ ብርሃን ደግሞ እጅግ ደካማ ናቸው። ሲመሽ ቀዩ ከሰማያዊው ቀድሞ የሚጠቁርበት ይህ ነገር፣ ቼካዊው ሳይንቲስት ፑርኪንዬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለጻፈበት፣ በስሙ ይጠራል።

ጉድለቷንም ልናገር። ዋጋው ከሌላ ቤት በጥቅል ጥቂት ብር ይወደዳል። ወርቀ ዘቦው ጥሩ አይደለም፤ መርፌ ላይ ይላጣል፤ እሱን ሌላ ቦታ ግዙ። ትልቁ ችግር ግን ይህ ነው፦ ቁጥሩ አንድ ሆኖ አዲስ የመጣው ክር ከድሮው ጥቂት ይለያል፤ ለእናንተ ብለው የሚያስቀምጡትም የለም። ለአንድ ቀሚስ የሚበቃውን ባንዴ ግዙ። እኔ አንድ ጥቅል ጎድሎኝ እጅጌውን እንደገና ሠርቻለሁ።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ሂዱ። በሩ ወደ ሰሜን ስለሚያይ ከመስከረም እስከ መጋቢት ደጃፉ ጥላ ነው። ጥላ ውስጥ ያለው የሰማይ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ እዚያ አይታችሁ አታቁሙ፤ መንገዱን ተሻግራችሁ ፀሐዩ ላይም እዩት። እትዬ ከበር ሆነው ያዩአችኋል፤ አይጣሩም፣ አያጣድፉም። ቁራጭ ጨርቅ ግን ሳትይዙ እንዳትሄዱ፤ መልሰው ይልኳችኋል።