ቪኤክስ400፦ በወረቀት ላይ 2.6 ሚሊዮን ፒክስል፣ በመድረክ ላይ ስንት?

በአዲስ አበባ ለሠርግ፣ ለተማሪዎች ምረቃ፣ ለጉባኤና ለመንፈሳዊ መርሐ ግብር ትልቅ የኤልኢዲ ስክሪን መከራየት የተለመደ ከሆነ ሰንብቷል። እንግዳው የሚያየው ስክሪኑን ነው፤ ከመድረኩ ጎን በጥቁር ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ያን ሁሉ ካቢኔት (ስክሪኑ የሚገጣጠምባቸውን ባለ መብራት ሣጥኖች) የሚመራው ኮንትሮለር የሚታወሰው ምስሉ የጠፋ ዕለት ብቻ ነው። ስክሪን ገዢዎችም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ በካሬ ሜትር ዋጋ ላይ ሲከራከሩ ይቆዩና ኮንትሮለሩን እንደ ምርቃት ተቀብለው ይሄዳሉ። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ያንን ምርቃት የሚመስል ዕቃ ሲሆን፣ የመረጥኩትም በቻይናዋ ሺያን ከተማ የሚገኘው ኖቫስታር የሚሠራውን ቪኤክስ400 ነው።

ቪኤክስ400 ሁለት ሥራዎችን በአንድ ሣጥን የያዘ መሣሪያ ነው። ቀደም ሲል ከላፕቶፕ ወይም ከካሜራ የሚመጣውን ምስል የሚያስተካክል የቪዲዮ ፕሮሰሰር ለብቻው፣ የተስተካከለውን ምስል ወደ ካቢኔቶቹ የሚያደርስ እንደ ኤምሲቲአርኤል300 ያለ ሴንዲንግ ሣጥን ደግሞ ለብቻው ይገዛ ነበር፤ በሁለቱ መካከል የምትዘረጋው አጭር የዲቪአይ ኬብልም ራሷን የቻለች ራስ ምታት ነበረች። እዚህ ሁለቱ ተዋህደዋል። ለምስል መግቢያ ሁለት ኤችዲኤምአይ፣ አንድ ዲቪአይና አንድ ኤስዲአይ (የባለሙያ ካሜራ ኬብል የሚገባበት)፣ በተጨማሪም ሁለት የፋይበር ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን፣ ወደ ስክሪኑ የሚወጡት አራት የጊጋቢት ኔትወርክ ፖርቶች ናቸው። አንደኛው ኤችዲኤምአይ፣ ዲቪአዩና ኤስዲአዩ የተቀበሉትን ምስል ሳይነኩ ወደ ሌላ መሣሪያ የሚያሳልፉበት መውጫ ስላላቸው፣ ለተናጋሪው ከፊቱ ቴሌቪዥን ማስቀመጥ በሚያስፈልግበት ጉባኤ አንድ ማከፋፈያ ከመግዛት ያድናል።

በማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ቁጥር 2.6 ሚሊዮን ፒክስል ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ከየት እንደመጣ ሳይረዳ የሚገዛ ሰው ግን ኋላ ይቸገራል። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ስምንት ስምንት ቢት፣ በድምሩ 24 ቢት ይፈልጋል፤ ምስሉ ደግሞ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይላካል። ስለዚህ 650,000 ፒክስል የተጫነበት አንድ ፖርት በሴኮንድ 936 ሚሊዮን ቢት ያሳልፋል፣ ይህም የጊጋቢት መስመር እስከ አፍ ገደፉ ሞላ ማለት ነው። የአራቱ ፖርቶች ድምር 2.6 ሚሊዮኑን ይሰጣል። እንግዲህ መቆጠር ያለበት ድምሩ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ፖርት ነው፤ በአንዱ ፖርት ላይ የተረፈው ለሌላው አይሻገርም፣ አንዱን ካቢኔት ከፍሎ ግማሹን በአንድ፣ ግማሹን በሌላ ፖርት መንዳትም አይቻልም።

በኪራይ ገበያው የተለመደውን ስድስት ሜትር በሦስት ሜትር ስክሪን እንውሰድ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆኑ ካቢኔቶች ሲሠራ አሥራ ሁለት በስድስት፣ በድምሩ 72 ካቢኔት ይሆናል። ስክሪኑ ፒ3.91 ከሆነ፣ ማለትም ከአንዱ ፒክስል እስከ ቀጣዩ 3.91 ሚሊሜትር ካለ፣ አንዱ ካቢኔት 128 በ128፣ ማለትም 16,384 ፒክስል ይይዛል፤ ጠቅላላው 1,536 በ768፣ ወይም 1,179,648 ፒክስል ነው። ለሁለት ሲከፈል ለአንድ ፖርት 36 ካቢኔት፣ 589,824 ፒክስል ይደርሰዋል፤ ሁለት ፖርት በቂ ሆኖ ሁለቱ ይተርፋሉ። ቪኤክስ400 ለዚህ ስክሪን የተሰፋ ልብስ ነው ማለት ይቻላል።

ያው ስክሪን በስፋቱም በቁመቱም ሳይለወጥ ወደ ፒ2.6 ሲያድግ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ካቢኔቱ 192 በ192፣ ማለትም 36,864 ፒክስል ይሆናል፤ 72ቱ ሲደመሩ 2,654,208 ይደርሳሉ። ከ2.6 ሚሊዮን የበለጠው በጥቂቱ በመሆኑ «ይህችማ አታስቸግርም» የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ ፖርት በፖርት ሲቆጠር ግን አንዱ ከአሥራ ሰባት ካቢኔት በላይ ስለማይችል አራቱ የሚነዱት 68 ብቻ ነው፣ የቀሩት አራት ካቢኔቶችም በስክሪኑ ጥግ ጨልመው ይቀራሉ። ገዢው የሚያስፈልገው ስድስት ፖርትና 3.9 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ቪኤክስ600 ነበር።

ስለ መጠባበቂያ መስመር ገና አላነሳንም። በካቢኔቶቹ መካከል የሚሄደው ኔትወርክ ኬብል አንዱን ከሌላው እያያያዘ ስለሚጓዝ፣ መሐል ላይ አንዲት ኬብል ብትነቀል ከእርሷ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠፋል። መድኃኒቱ የመጨረሻውን ካቢኔት ከሌላ ፖርት ጋር አገናኝቶ ያንን ፖርት የመጀመሪያው ምትክ አድርጎ መመዝገብ ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ከፊት ያሉት ከዋናው፣ ከኋላ ያሉት ከምትኩ ምስል ይቀበላሉ፣ ተመልካቹም አያውቅም። ይህ አሠራር በቪኤክስ400 በሚገባ ይሠራል፣ ዋጋው ግን ግማሽ አቅም ነው፦ ሁለት ፖርት ለሥራ፣ ሁለት ፖርት ለጥበቃ፣ ውጤቱም 1.3 ሚሊዮን ፒክስል። የፒ3.91ዱ ስክሪን በዚህም ውስጥ ይገባል። የፒ2.6ቱን በመጠባበቂያ ለመንዳት ግን ቢያንስ አሥር ፖርት ስለሚያስፈልግ ጉዳዩ ቪኤክስ1000 ዘንድ ይደርሳል። በእኔ እምነት ሰው ተሰብስቦ በሚያይበት መድረክ ላይ መጠባበቂያ እንደ ትርፍ ነገር አይታይም፤ በመሆኑም የዚህን መሣሪያ አቅም ለኪራይ ሥራ የምቆጥረው 1.3 ሚሊዮን አድርጌ ነው፣ ሳጥኑ ላይ ምንም ይጻፍ።

ወደ ማዘጋጀቱ ስንመጣ ሥራው በሁለት መንገድ ይሄዳል። ካቢኔቶቹ አንድ ዓይነት ከሆኑና ሪሲቪንግ ካርዶቻቸው (በየካቢኔቱ ውስጥ ሆነው ምስሉን የሚቀበሉት ካርዶች) ቀድመው ከተስተካከሉ፣ ያለ ኮምፒውተር በፊት ለፊቱ ማዞሪያ ብቻ የረድፉንና የዓምዱን ቁጥር፣ በየፖርቱ ያለውን የካቢኔት ብዛትና የኬብሉን አቅጣጫ ሞልቶ ስክሪኑን በጥቂት ደቂቃ ማቆም ይቻላል። ይህ አገልግሎት በጣም ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የሠርግ አዳራሽ ጠዋት ተከፍቶ እኩለ ቀን ላይ ሙሽሮች በሚገቡበት ከተማ ዋጋው በገንዘብ አይተመንም።

ካቢኔቶቹ የተቀላቀሉ ከሆኑ ወይም ሞጁል (በካቢኔቱ ፊት የሚገጠመው የመብራት ሰሌዳ) ከተለወጠ በዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚሠራውን ኖቫኤልሲቲ የተባለ ፕሮግራም መጠቀም ግድ ነው። ላፕቶፑ በዩኤስቢ ኬብል ይገናኛል፣ ባለሙያው «አድሚን» በሚለው የታወቀ የይለፍ ቃል ይገባል፣ ከዚያም ሦስት ገጾች ይቀርቡለታል፦ የሴንዲንግ ካርድ፣ የሪሲቪንግ ካርድና የካቢኔቶቹ አያያዝ። በሦስተኛው ገጽ ኬብሉ በእውነት የተጓዘበትን መንገድ ከስክሪኑ ጀርባ ሆኖ ሳይሆን ከፊት እንደሚታይ አድርጎ መሳል ያስፈልጋል፤ ግራና ቀኝ የተማታበት ሰው ምስሉ እንደ ተበተነ ሞዛይክ ይቀርብለታል። ሁለተኛው ገጽ ከሁሉም የከበደ ነው። ሞጁሉ በምን ቺፕ እንደሚሠራ፣ መስመሮቹ በስንት በስንት እየተፈራረቁ እንደሚበሩ የሚገልጸው ፋይል እዚህ ይጫናል፤ ፋይሉ የስክሪኑ የልደት ካርድ ስለሆነ ስክሪን ሲገዛ አብሮ በፍላሽ ካልተሰጠ ግዢው አልተጠናቀቀም ብሎ መቁጠር ይገባል። ፋይሉ ከሌለ ፕሮግራሙ በስክሪኑ ላይ የትኛው መስመር፣ በምን ቀለም እንደበራ እየጠየቀ ራሱ የሚደርስበት አሠራር አለው፤ ይሠራል፣ ትዕግሥትና ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ግን ይፈልጋል።

እዚህ ላይ በራሴ ጥፋት የደረሰብኝን ልናገር። ፕሮግራሙ ቅንብሩን ወደ ካርዶቹ «መላክ» እና በካርዶቹ ላይ «ማስቀመጥ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች አሉት። የተላከው ወዲያው በስክሪኑ ላይ ይታያል፣ በመሆኑም ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ያልተቀመጠ ቅንብር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በአንድ የሠርግ አዳራሽ ሦስት ካቢኔቶችን ቀይሬ ልኬ፣ ሁሉም አምሮ ሳየው ላፕቶፔን አጥፌ ተቀመጥኩ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ መብራት ሄደና ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ስክሪኑ ሲመለስ ስድሳ ዘጠኙ ካቢኔቶች ሙሽራይቱን፣ ሦስቱ ደግሞ የተዘበራረቀ መስመር ያሳዩ ነበር። ኮንትሮለሩ ምንም አልሆነም ነበር፤ የረሳሁት እኔ ነኝ። መብራት ሳይጠፋ በሚውልበት አገር ይህ ስህተት ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን በዚያው ቀን ይጋለጣል።

የምስል መጠን ማስተካከል ሌላው ሰፊ ጉዳይ ነው። የጠቀስኩት ስክሪን 1,536 በ768 ስለሆነ ወርዱ የቁመቱ እጥፍ ነው፣ ላፕቶፕ የሚልከው ግን በተለምዶ 1,920 በ1,080 ነው። ዝም ብሎ ስክሪኑን እንዲሞላ ሲታዘዝ ምስሉ ከላይ ይጫንና ሰዉ ሁሉ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይታያል። ለካሜራ የሚሻለው ከላይና ከታች 60 መስመር ቆርጦ 1,920 በ960 ማድረግ ነው፤ ያ ከስክሪኑ ጋር ተመሳሳይ ቅርጽ ስላለው ሲያንስ አይዛባም። ለላፕቶፕ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ኮንትሮለሩ በኢዲአይዲ፣ ማለትም ሞኒተር መጠኑን ለላፕቶፕ በሚነግርበት መረጃ፣ አማካይነት «እኔ 1,536 በ768 የሆነ ሞኒተር ነኝ» ብሎ ራሱን እንዲያስተዋውቅ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ላፕቶፑ ያለ ማሳነስና ያለ ማሳደግ ፒክስል ለፒክስል ይልካል።

ይህ ለላቲን ፊደል የጥራት ጉዳይ ሲሆን ለእኛ የማንበብ ጉዳይ ነው። በግዕዝ ፊደል «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» የምትለየው ከጎን የወጣች ትንሽ ጭረት ናት፤ ምስሉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትበላውም እርሷው ናት። የመዝሙር ግጥም በስክሪን እያነበበ የሚዘምር ጉባኤ አንዷ ፊደል ስትደበዝዝ ወዲያው ይሰማዋል፣ የሙሽሮቹን ስም በቀጭን ፊደል የጻፈ ዲዛይነርም ከኮንትሮለሩ ጋር ሊጣላ አይገባም። በፒ3.91 ስክሪን ወፍራም ፊደልና ፒክስል ለፒክስል መላክ ሲገናኙ ጽሑፉ ከአዳራሹ መጨረሻ ይነበባል።

በዝግጅቱ ቀን መሣሪያው ለሚመራው ሰው የዋህ ነው። የምስል ምንጮቹ እያንዳንዳቸው ቁልፍ ስላላቸው ከካሜራ ወደ ላፕቶፕ በአንድ ጣት ይሻገራል። እስከ ሦስት ምስል በአንድ ጊዜ በስክሪኑ ላይ መደርደር ይቻላል፤ ከመሐል ተናጋሪው፣ ከጎን ስላይዱ፣ ከጥግ ዓርማው የሚታዩበት ቅንብር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ከተመዘገበ በቁልፍ ይጠራል። ምስሉን ባለበት ማቆሚያ ቁልፉን ደግሞ ላፕቶፕ መለወጥ ያለበት ሁሉ ይወደዋል፤ ተመልካቹ የቆመ ሥዕል ሲያይ እርስዎ ከኋላ የፈለጉትን ይነቅላሉ።

ስለ ብርሃን መጠን ጥቂት ልበል። ለቤት ውስጥ ሥራ ስክሪኑን በሙሉ ብርሃን ማብራት የፊት ረድፍ እንግዳን ዓይን ማሳመም ከመሆኑም በላይ ካሜራውን ያጨልመዋል፤ ሲቀነስ ደግሞ በጨለማ ቀለሞች መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። በሪሲቪንግ ካርዱ ላይ የማደሻው ፍጥነት (መብራቶቹ በሴኮንድ የሚታደሱበት ብዛት) 3,840 ኸርዝ ከደረሰ በካሜራ የሚታየው ጥቁር ሽንትር በአብዛኛው ይጠፋል፤ ካሜራው በ25 ወይም በ50 ፍሬም የሚቀርጽ ከሆነም ምንጩን በ50 ኸርዝ መላክ ይመከራል።

ጉድለቱ በግልጽ ይታያል። መግቢያዎቹ ኤችዲኤምአይ 1.3 በመሆናቸው በሴኮንድ 60 ፍሬም ያለው የ4ኬ ምስል በአንዲት ኬብል አይገባም፤ ለሠርግ አያሳስብም፣ ለሰፊ የጉባኤ ስክሪን ግን ያሳስባል። የፋይበሩ መስመር ከ100 ሜትር በላይ ለሚርቅ መድረክ ይጠቅማል፣ በካቢኔቶቹ በኩል ግን ፋይበሩን ወደ ኔትወርክ ኬብል የሚመልስ ሌላ ሣጥን ስለሚፈልግ ዋጋው እዚያ ይጨምራል። ምናሌው በአማርኛ አለመኖሩንም አዲስ ሠራተኛ የሚያሠለጥን ሰው ያስተውለዋል፤ እኛ የዋና ዋናዎቹን ትእዛዞች ትርጉም በወረቀት ጽፈን ሣጥኑ ክዳን ላይ ለጥፈናል።

መሣሪያውን ከስክሪን ጋር የሚረከብ ሰው ካቢኔቶቹን አስደርድሮ ከጀርባ የሪሲቪንግ ካርዶቹን አረንጓዴ መብራት ይመልከት፤ በየሴኮንዱ አንዴ ብልጭ የሚል ካርድ ደህና ነው፣ በየሦስት ሴኮንዱ አንዴ የሚል ካለ ኬብሉ ችግር አለበት። ከዚያም ሻጩ ገና እዚያው ቆሞ ሳለ ዋናውን ማብሪያ ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ያብራ።