ነጋሪት ጋዜጣን ከብርሃንና ሰላም ገዝቶ ማጥናት፦ ለአካባቢ ሕግ የማስተርስ ተማሪ

አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የሚሸጠው ፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ ማለትም የፌደራል ሕጎች የሚታወጁበት ጋዜጣ፣ ለአካባቢ ሕግ ተማሪ ከየትኛውም ሃንድአውት ይበልጣል። ጋዜጣው በሁለት ዓምድ ይታተማል፣ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። ሁለቱ ከተጋጩ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የሚጸናው አማርኛው ነው። ቴሲሱ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ግን ብዙ ተማሪ የግራውን ዓምድ ዞር ብሎ አያየውም። «ይችላል» እና «አለበት» የሚሉት ቃላት ብቻ ክርክር በሚለውጡበት ትምህርት ይህ ከባድ ጥፋት ነው።

ከመሄድ በፊት የአዋጁን ቁጥር፣ የጋዜጣውንም ዓመትና ቁጥር ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ርዕሱን ብቻ ይዞ መሄድ ጊዜ ይፈጃል። የዓመቱ ነገርም ያሳስታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ በአማርኛ 300/1995፣ በእንግሊዝኛ 300/2002 ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ የግርጌ ማስታወሻ የሌለ ሕግ ይጠቅሳል።

ለመጀመሪያ የአካባቢ ጥበቃ አካላት ማቋቋሚያ አዋጅ 295/1995፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 እና 300/1995፣ ከዚያም የደን አዋጅ 1065/2010 ይበቃሉ። ከአዋጅ 300 ውስጥ ደጋግሞ መነበብ ያለበት አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ወይም ለሚመለከተው የክልል መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በርካታ ፕሮፖዛሎች «ማንም መክሰስ ይችላል» ብለው ይህን የአስተዳደር ደረጃ ይዘሉታል፤ አድቫይዘር መጀመሪያ የሚያሰምርበትም እዚያው ላይ ነው።

የጋዜጣው ድክመት ማሻሻያዎችን አዋህዶ አለማተሙ ነው። ማሻሻያ አዋጅ የተለወጡትን አንቀጾች ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ከዋናው ጋር ማገናኘቱ የአንባቢው ሥራ ነው። ስለዚህ አዲስ አዋጅ ሲገዛ መጀመሪያ መገለጥ ያለበት ወደ መጨረሻው አካባቢ ያለው የተሻሩ ሕጎች አንቀጽ ነው። 1065/2010 የቀድሞውን 542/1999 ሽሯል፣ ግን በአሮጌው የሚሟገት ጽሑፍ ዛሬም ይገኛል። የዓለም አቀፍ ስምምነት ማጽደቂያ አዋጅም በአብዛኛው ጥቂት አንቀጽ ብቻ ነው፤ የስምምነቱ ጽሑፍ ከሌላ ቦታ ይፈለጋል። የሰበር ችሎት ውሳኔም እዚህ የለም፣ የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያሳትማቸው ቅጾች ውስጥ ነው።

ሶፍት ኮፒው ለመሸከም ይቀላል፤ የድሮዎቹ እትሞች ግን ብዙ ጊዜ ስካን በመሆናቸው ቃል መፈለግ አይቻልባቸውም። መሸጫው ላይ ያለቀ እትም ሲያጋጥም ወደ ስድስት ኪሎ ወጥቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ነው። እዚያ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ የላይኛው ጠርዝ እንዳይቆረጥ መጠንቀቅ ይገባል፤ የገጽ ቁጥሩና ቀኑ ያሉት እዚያ ላይ ነው።